ማክሰኞና ቅዳሜ፦ የጎጃሙ አባ አብርሃምና ራስን የመመርመር ልማድ

በብዙ ጉባኤዎቻችን የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ መሪው አንደኛ ቆሮንቶስ 11ን ያነብና «እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር» ይላል። ዐይን ይጨፈናል፤ ኪቦርዱ በቀስታ ይሰማል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ኅብስቱ መታደል ይጀምራል። አምበር ላይ ከጥቂት አማኞች ጋር ይህንኑ ክፍል ስናጠና አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የንስሐ አባት በነበረኝ ጊዜ ሁዳዴን ሙሉ የሠራሁትን ሳስብ እከርም ነበር። አሁን በየትኛው ሰዓት ላስብ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የኑዛዜን ሥርዓት ለመመለስ የቀረበ አልነበረም፤ የይቅርታው ምንጭ ማን እንደ ሆነ እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የጎደላቸው ጊዜው ነው። የምመልሰው አጣሁ።

መልስ ፍለጋ የሄድሁት ወደ አንድ የጎጃም ሰው ታሪክ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች አቡ ሩሚ የሚሏቸው አባ አብርሃም የተወለዱት በ1750 ገደማ ነው (1954ን ሳይጨምር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ እስከ ሕንድ ተጉዘው፣ ለታዋቂው የቋንቋ ሊቅ ለሰር ዊልያም ጆንስ መምህር እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል። በኋላ ካይሮ ላይ ታመው ሳሉ ያገኛቸውና የረዳቸው የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስሊን ደ ሸርቪል ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ የተጀመረው ከዚህ ትውውቅ ነው።

አሠራራቸው ይገርመኛል። ከ1808 እስከ 1818፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አስሊን ቤቱን ለእንግዳ ይዘጋል። ሁለቱ ተቀምጠው የዐረብኛውን ጽሑፍ ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነባሉ። ቃሉ ሲከብዳቸው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰባ ሊቃናቱን ትርጉም ያያሉ። አባ አብርሃም የገባቸውን በአማርኛ ያሰፍራሉ። ሥራው ሲያልቅ በእጃቸው የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። አንድም ቀን አላስታጎሉም ብንል እንኳ አንድ ሺህ አርባ ያህል ቀን ነው፤ በቀን ዘጠኝ ገጽ ገደማ መሆኑ ነው። ቅዳሜ በጎጃም በብዙ ቦታ የገበያ ቀን መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ቅዳሜን ለመጽሐፍ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ሰባኪ ክፍል ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ፤ ስለ ገንዘብ ፍቅር የሚናገረውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ስለ በረከት የሚናገረውን ያነሳሁባቸው ሳምንታት አሉ። ተርጓሚ ግን የሚነካውን ቁጥር ዘልሎ ማለፍ አይችልም። አሞጽ ሲደርስ አሞጽን፣ ያዕቆብ ሲደርስ ያዕቆብን መጻፍ አለበት፤ ለመጻፍ ደግሞ መረዳት አለበት። ከዚህ ተነሥቼ ስለ አባ አብርሃም የግል ቅድስና መፍረድ አልሻም። ነገር ግን ያዕቆብ የሚነግረን፣ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው የሚረሳው ሰው፣ በዚያ ዓይነት ንባብ ውስጥ ለመርሳት ጊዜ የሚያገኝ አይመስለኝም።

አባ አብርሃም ድካማቸው ታትሞ አላዩም። ሥራውን ጨርሰው እንደገና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ተመልሰው በ1819 ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞቱ። የብራናው ያህል ከባድ የሆነውን ያን ጽሑፍ ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1820 ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እስከ 1954 ዓ.ም. እትም ድረስ የአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሥራ ብዙ ተበድሯል።

ሳሙኤል ጎባት በ1830 ወንጌላቱን ይዞ ጎንደር ሲደርስ የአገሪቱ ሊቃውንት በቅብዓት፣ በተዋሕዶና በጸጋ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር፤ ጎጃም ደግሞ የቅብዓት ምሽግ ነበረች። ክርክሩ እስከ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘልቋል። ክርክሩን አልንቅም፤ ስለ ክርስቶስ ማንነት የማይከራከር ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ጎድሎታል። እኛ ወንጌላውያን ግን ከዚያ ዘመን በፍጥነት የወረስነው የሌላውን ትምህርት የመመርመሩን ብልሃት ነው። የጎረቤታችንን ስሕተት በጥቅስ እንዘረዝራለን፤ የራሳችንን በግማሽ ደቂቃ እናልፋለን።

ጳውሎስም ቢሆን ቆሮንቶሶችን ራሳችሁን መርምሩ ሲላቸው ዐይን ጨፍኖ ስሜትን ማዳመጥ ማለቱ አይደለም። ከፊቱ ያለው ጉዳይ አንዱ ሲራብ ሌላው መስከሩ፣ ምንም የሌላቸው ማፈራቸው ነው። ምርመራው ገበታውን፣ ጎተራውን፣ ዕዳውን ይነካል። ለዚህም ይመስለኛል ብቻን ከመሆን ሁለት ሆኖ ማንበብ የሚሻለው፤ ካይሮ ላይም የነበሩት ሁለት ናቸው።

ይህን ታሪክ ለአምበሩ ሽማግሌ ነገርኋቸው። ቅዳሜ ገበያ ስለሚውሉ ከጌታ እራት በፊት ባለው ዓርብ ማታ ተሰብስበው ያንኑ ክፍል በዝግታ ለማንበብ ተስማሙ። በመጀመሪያው ዓርብ እኔም ነበርሁ። ሃያ አንደኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ አንድ ወንድም ንባቡን አስቆመ። ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ለዘር የተበደረውን ሁለት ቁና ጤፍ፣ አዝመራው ከገባ ወራት ቢያልፉም፣ እንዳልመለሰ ተናገረ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሽማግሌው ቀና ብለው «እስከ እሑድ ታደርስለታለህ?» አሉት።