የኢኖክ መዶሻ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ነው።

በዚያ አገር የሱፍ ጨርቅ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ጠጉሩ በመበጠሪያ ይቆም ነበር። የቆመውን ጠጉር ደግሞ ሸላቹ 20 ኪሎ ገደማ በሚመዝን መቀስ እኩል አድርጎ ይቆርጠው ነበር። እጁ ጥቂት ከሳተ የሸማኔው ልፋት ገደል ገባ፤ ከሰመረለት ግን የጨርቁ ዋጋ ከፍ ይል ነበር። ያን መቀስ ሲገፋ የኖረ ሰው አንጓው ላይ ጠጣር ቆዳ ያወጣ ነበር። ሸላች በእጁ ይታወቅ ነበር።

ታዲያ ማርስደን በምትባል መንደር ኢኖክ ቴይለር የተባለ አንጥረኛ ከወንድሙ ጋር የመሸለቻ ማሽን ይሠራ ጀመር። ባለፋብሪካዎችም ገዙት። ሸላቾቹ መዶሻ ያነሡት ወዲያው አይደለም፤ ይህን እወቁልኝ። መጀመሪያ ሕግ ይጠብቀናል ብለው ፓርላማ ደጅ ጠኑ። ፓርላማው ግን በፈረንጆቹ 1809 የጥንቱን የሱፍ ሥራ ሕግ ጭራሹን ሻረባቸው። በዚያ ላይ ከናፖሊዮን ጋር የተያዘው ጦርነት ገበያውን ዘግቶት፣ እህል ተወዶ ነበር።

መዶሻው የተነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። እሱንም የሠሩት እነዚያው ቴይለሮች ነበሩና ሸላቾቹ “ኢኖክ” ብለው ጠሩት። በአካል በሌለ መሪ፣ በጄኔራል ሉድ ስም ማሉ።

ኤፕሪል 11 ቀን 1812 ሌሊት፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ወደ ራውፎልድስ ፋብሪካ ተመሙ። ባለቤቱ ዊልያም ካርትራይት በሩን በብረት አጠናክሮ፣ ከጥቂት ወታደሮችና ሠራተኞች ጋር ውስጥ አድፍጧል። ኢኖክ በሩን ደበደበ፤ ከላይ ጥይት ዘነበ። ከወታደሮቹ አንዱ ግን ወንድሞቼን እመታለሁ ብሎ አልተኮሰም፤ በኋላ በጅራፍ ተገረፈ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተኩሱ ሲበርድ፣ በሩ እንደተዘጋ ነው። ደጃፉ ላይ ሳሙኤል ሃርትሊና ጆን ቡዝ ቆስለው ወድቀዋል። ሁለቱም አልተረፉም።

ቡዝ ሲያጣጥር አንድ ቄስ የጓደኞቹን ስም እንዲያወጣ ለመኑት አሉ። “ምስጢር ይጠብቃሉ?” አላቸው። “አዎ፣ ልጄ።” “እኔም እጠብቃለሁ” ብሎ ዐረፈ ይባላል።

ከ17 ቀን በኋላ ሌላ ባለፋብሪካ፣ ዊልያም ሆርስፎል፣ መንገድ ላይ በጥይት ተመታና ሞተ። ይህንን አልሸፋፍንላችሁም፤ ነፍስ ነው የጠፋው። በጃንዋሪ 1813 ዮርክ ላይ በግድያው 3 ሰዎች ተሰቀሉ። በሳምንቱ ደግሞ በአንድ ቀን 14 ተሰቀሉ፤ ከነዚህ አንዱም በነፍስ ግድያ የተፈረደበት አልነበረም።

ዛሬ ከዚያ ከሉድ ስም የመጣው “ሉዳይት” ማለት ሥልጣኔ የጠላ፣ ያልገባው ሰው ማለት ሆኗል። እናንተ ግን ስሙን ለስድብ አትዋሱት።