ስለ ጸጋ ልጅነት

ምእመናን ክርስቲያን ተብለው መጠራት የጀመሩ በአንጾኪያ መሆኑ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያም ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ ማዕተብም በአንገታቸው ይታሰራል። ዳሩ ግን ስሙም ማዕተቡም ምልክት ናቸው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደሉም። ምእመን በእውነት ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ በኩል የሚወጡትን ሦስቱን መንገዶች መከተል ይበቃል፤ በሦስቱም ላይ ይህ ጥያቄ ተጠይቋልና።

የሱሉልታው መንገድ ወደ ሰሜን ሄዶ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ይህ ገዳም ለሸዋ ሊቃውንት ዋና መምህር ሆኖ ሲኖር፥ ሦስት ልደት፥ በሌላ ስሙም የጸጋ ልጅ የተባለው ትምህርት በዚያ ጸንቶ ነበር። ይኸውም ክርስቶስ በሥጋው መንፈስ ቅዱስን ተቀብቶ የጸጋ ልጅ ሆነ የሚል ነው። የተዋሕዶ ሊቃውንት ግን ጌታ በተዋሕዶ የከበረ የባሕርይ ልጅ ነው፤ በጸጋ ልጅ የሚባል ሰው ነው ብለው ይመልሱ ነበር። በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፥ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ተዋሕዶ ጸና፤ ሦስት ልደትም ተወገዘ።

ይህ ክርክር ላልተማረ ሰው የቃላት ሽኩቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የጌታን ከሰው፥ የሰውንም ከጌታ የሚለይ ድንበር ነው። የክርስቶስ ልጅነት የራሱ ነው፤ የምእመን ልጅነት ግን የተሰጠ ነው። የተሰጠውም ሰው እንደ ርስቱ ሊመካበት፥ ለሌላውም ሊከለክለው አይችልም።

ከጉባኤው በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። የወሎ የእስልምና ተከታዮች በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ከሕዝቡ ግን እኩሌታው ተሰደደ፥ እኩሌታው ሸፈተ፥ እኩሌታውም ለይምሰል ተጠመቀ። ልጅነት በጸጋ ነው ተብሎ በተፈረደበት ዘመን ጸጋው እንደ ግብር በአዋጅ ተጠየቀ። ግብር ከሰው ይወሰዳል፤ ጸጋ ግን ለሰው ይሰጣል። ሁለቱን ያደባለቀ እንደ ሆነ ስሙን ያበዛል እንጂ ምእመኑን አያበዛም።

የቡራዩው መንገድ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በዚያ አገር ስማቸው የሚነሣው ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው፥ በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ምጽዋ ደርሰው ነጻ ወጡ። በ1864 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተጠመቁ። የወጣላቸውም ስም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነበረ። ኋላም በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕመው በ1891 ዓ.ም. አሳተሙ። የተጠመቁበት ማኅበር ከተዋሕዶ የተለየ ቢሆንም፥ ታሪካቸው የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ሰው በገበያ ዋጋ ተቈርጦለት ሲሸጥ የነበረ፥ በጥምቀት ዋጋ የማይቈረጥለት ልጅ ይባላል።

የሰበታው መንገድ፥ የጌቴሴማኒን የደናግል ገዳም አልፎ፥ ወደ ወሊሶ ይሄዳል። በወሊሶ በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ፈጸሙ። ከምክንያታቸውም አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበረ። ቅዱስ ሲኖዶስም አወገዛቸው፤ በሻሸመኔም የሰው ሕይወት ጠፋ። በየካቲት 8 ቀን ዕርቅ ተደረገ። በዚያው ዓመት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ።

እንግዲህ የሦስቱ መንገዶች ነገር ወደ አንዲት መጠመቂያ ይመለሳል። የ40 ቀን ሕፃን ወደ እርስዋ ሲቀርብ ገና አንድ ቃል አልተናገረም፤ የነገዱንም ስም አያውቅም። ኦሮሞም ቢሆን አማራም ቢሆን ልጅነቱን የሚቀበል አፍ ሳይፈታ ነው። ስለዚህ ቋንቋ ከልጅነት አይቀድምም። ነገር ግን ያው ሕፃን አድጎ፥ የተቀበለው ጸጋ ምን እንደ ሆነ ሊረዳ የሚችል በእናቱ አፍ ሲነገረው ነው። ቋንቋን ከልጅነት የሚያስቀድም ወንድሙን ያጣል፤ በቋንቋው ማስተማርን የሚነፍግም ልጁን ያጣል። ካህን ሁለቱንም እንዲጠብቅ ተሹሟል።