«ቀስ» ስለምትለው ቃል



«ቀስ» የምትለው ቃል በጽሕፈት ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን በቀን ስንት ጊዜ ከአፋችን እንደምትወጣ ልብ ብለው ያውቃሉን? ለመኪና ነጂ «ቀስ በል» ሲባል ፍጥነትህን ቀንስ ማለት ነው። ብርጭቆ ለተሸከመ ልጅ ሲባል ተጠንቀቅ ማለት ነው። ሕመምተኛ በተኛበት ቤት ሲባል ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ» ስትሆንም ሥራ ከደረጃ ወደ ደረጃ መሄዱን ታመለክታለች፤ አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ መሄዱን ተናገሩ እንጂ ተቀመጠ አላሉም።

የዚህችን ቃል ትርጉም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን የምድር ባቡራችን ታሪክ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ እንዲሠራ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረውና መንግሥታቱም እርስ በርሳቸው ስለተፎካከሩ ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በረሃውን አቋርጦ፥ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ ሐዲድ መዘርጋት ጊዜ የሚጠይቅ ነውና፥ ያን ቀስታ ብንለው ይገባዋል። ብረቱ ሳይነሣ፥ ሠራተኛው ሳይጠራ በድሬዳዋ ያለፈው ዘመን ግን ቀስታ ሊባል አይገባውም፤ ስሙ መቆም ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘነው በዚያው ሐዲድ ላይ በብዙ ሐዘን ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. መንገደኞች የሞሉበት ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከመጠምዘዣው ድልድይ ሲደርስ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በዚያች ሰዓት የጎደለችው ይህችው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነበረች።

እንግዲህ ወደ መሥሪያ ቤታችን እንመለስ። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ ከጠረጴዛችን ፊት ሲቆም «ቀስ ብለን እናየዋለን» እንለዋለን። እርሱም መዝገቡ እየተመረመረ ነው ብሎ አምኖ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። ይህን የምጽፍ እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። የጥንቃቄን ቃል ለስንፍና መሸፈኛ ባደረግናት ቁጥር፥ በእውነት ጥንቃቄ ባስፈለገን ቀን የሚሰማት እናጣለን።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ፥ ነገ ጧት «ቀስ» ከማለትዎ በፊት መንኰራኵሩ ይዞር እንደ ሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የሚዞር ከሆነ በእርጋታ ይንዱት፤ የቆመ ከሆነ ግን መቆሙን ለባለጉዳዩ በእውነት ይንገሩትና መዝገቡን ከመሳቢያው ያውጡለት።