የአናጢ እርሳስ በጣና ዳር፤ ስለ መስመርና ስለ አቀራረጽ

ስለ ጣና ደሴቶች የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ገዳማቱ፥ ስለ ሥዕሎቹ ተመራማሪዎች ሲደክሙ ኖረዋል። በሩን የሠራው አናጢ ሳንቃውን ከመቍረጡ በፊት መስመሩን በምን እንዳሰመረ የጠየቀ ግን እምብዛም አልገጠመንም። እኛም ወደዚህ ነገር የገባነው በአጋጣሚ ነው። በባሕር ዳር ከሚገኙት የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ ለጥገና የመጣ አሮጌ የዋንዛ በር ተጋድሞ አገኘን፤ በጀርባው፥ ምላሱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ይታያል። ቀለም የለውም። ሠራተኛው እርሳሱን በጆሮው ላይ ሰክቶ መላጊያውን ያሰናዳ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጭረት የብራና ጸሐፊ ቢያየው አይገርመውም። ጸሐፊው የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያም ቀዳዳዎቹን እያገናኘ በደነዝ ብረት ያሰምራል። ብረቱ ቀለም አይተውም፤ በአንዱ ገጽ የሰረጐደው በሌላው ገጽ ስለሚያብጥ አንዱ መስመር ለሁለቱም ይበቃል። በአውሮፓ የነበሩት ጸሐፍት በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ይህን ሥርዓት እየተዉ በእርሳስ ብረት ማስመር ሲያዘወትሩ የእኛዎቹ በጥንቱ ጸንተዋል። እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት ወደ ጐን ብርሃን አዘንብሎ ያየ ሰው መስመሩን ያገኘዋል። አናጢው ከጸሐፊው ተማረ ማለታችን አይደለም፤ ስለታም ብረት በያዘ እጅ ዘንድ ጭረት ራሱ የሚመጣ ነገር ነው። (የጣና ታንኳ ሠሪ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ደንገሉ ይታሰራል እንጂ አይሰመርም።)

አሁን ወደ እርሳሱ እንምጣ። ስሙ ራሱ አንድ የቆየ ስሕተት ተሸክሞ ይዞራል። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቦሮዴል በተባለው ሥፍራ ንጹሕ ግራፊት በተገኘ ጊዜ ሰዎቹ የእርሳስ ዓይነት መሰላቸው፤ በ1779 እ.ኤ.አ. ሼሌ የተባለው ኬሚስት ከከሰል ወገን መሆኑን አሳየ፤ ቬርነር ደግሞ በ1789 ግራፊት ብሎ ስም አወጣለት። ስሕተቱ ቢታረምም ስሙ አልተመለሰም፤ አማርኛችንም መሣሪያውን ከነስሕተቱ ተቀብሎ እርሳስ አለው። ስለ ሥራው ግን ቋንቋችን ከማንም የተሻለ ቃል ሰጥቶታል ብለን እናምናለን፤ እርሳስ ይቀረጻል፤ ታቦትም ይቀረጻል፤ በር ላይ ያለ ሐረግም ይቀረጻል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጭረት ውፍረት የለውም፤ መሮው ገብቶበት ያርፋል። የእርሳስ መስመር ግን ውፍረት አለው፤ ስለዚህ መጋዙ በመስመሩ ውስጥ ይሂድ ወይስ በዳሩ፥ በየትኛውስ ዳር፥ የሚል ጥያቄ ይወለዳል። ይህንን በንባብ ብቻ አልተቀበልነውም። ተማሪ ሁሉ በሚይዘው ክብ እርሳስ፥ በመቅረጫ ቀርጸን፥ አራት ሳንቃ በአንድ ልክ አሰመርን። የመጀመሪያው መስመር ቀጭን ነበረ፤ በአራተኛው ጊዜ ጫፉ ዶልዱሞ መስመሩ ወፈረ፤ ቈርጠን ስንገጥማቸው በአራተኛው በኩል የታጠፈ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። በሠራተኞቹ ዘንድ የተሳቀብን መሆኑን አንደብቅም።

የአናጢ እርሳስ ጠፍጣፋ የሆነው ከሳንቃ ላይ እንዳይንከባለል ነው፤ ውስጡም እንዲሁ ጠፍጣፋ ነው። በመቅረጫ አይቀረጽም፤ በሰንጢ ነው። ሰፊው ጐን በረጅሙ፥ ጠባቡ ጐን በአጭሩ ይላጣል፤ ጫፉ እንደ መርፌ ሳይሆን እንደ መሮ አፍ ይሆናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ጥቂት ሲታሽ ስለቱ ይመለሳል። ያ ጠፍጣፋ ፊት በስኳድራው ላይ ተለጥፎ ሲሄድ መስመሩ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው አንድ ውፍረት ይይዛል። የጥንካሬውም ምርጫ እንደ እንጨቱ ነው። ገና ከመጋዝ ለወጣ ሻካራ ባሕር ዛፍ ለስላሳው ይሻላል፤ ለተላገ ዋንዛ ጠንከር ያለው። እጅግ የጠነከረው ግን እንጨቱን ያሰረጕዳል፤ ግራጫ ምልክቱም በጠቈረው የዋንዛ ልብ ላይ አይታይም፤ እንዲህ ሲሆን እርሳሱ ወደ ጥንቱ ጭረት ተመለሰ ማለት ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ተቋም ሲከፈት የእንጨት ሥራ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ። (የሶቪየት እርሳሶች ጠንካራው በ«ቴ»፥ ለስላሳው በ«ኤም» ፊደል ይለያል፤ «ኤች»ና «ቢ» ብቻ ለለመደ ሰው ግራ ነው።) በእንዲህ ያለው ትምህርት መስመሩ አስቀድሞ በወረቀት ይሰመራል፤ አንዱ የነደፈውን ሌላው ይቈርጣል። የቀድሞው አናጢ ግን የትኛውን ዳር እንደሚቈርጥ ለማንም መንገር አያስፈልገውም ነበር፤ አስማሪውም ቈራጩም እርሱ ነውና። ስለዚህ እርሳሱ ያመጣው ለውጥ በመሣሪያው ብቻ የቀረ አይመስለንም።

ደግሞም አንድ ነገር አስደነቀን። በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የቆመው ጽድ፥ በእንግሊዝኛ የንግድ ስሙ «የአፍሪካ የእርሳስ ዝግባ» ይባላል። በሰንጢ ቀጥ ብሎና ሳይሰነጠቅ ስለሚላጥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኬንያ ለእርሳስ ፋብሪካዎች ይላክ ነበር። እርሳስ ከባሕር ማዶ እየመጣ የሚሸጥለት የጣና ዳር አናጢ የእርሳሱን እንጨት ለምሰሶ ሲጠርብ ኖሯል።

ስለ በሩ፥ ሠራተኛው ጀርባውንም ሊልገው ነበር። ጭረቱን ባሳየነው ጊዜ በጥፍሩ ዳሰሰው፤ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጭረቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አስኬደው፤ ስኳድራውንም አስጠጋበት። ልኩ አልተሳሳተም። ጀርባውን ሳይልግ ተወው፤ አዲሱንም ምላስ በዚያው መስመር ቈረጠ።