ኮለምበስ፦ አውቶሞቢል ያሰፋትና የከፋፈላት ከተማ

የአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ኮለምበስ ከ900 ሺህ በላይ ነዋሪዎች አሏት። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ የመንገደኞች ባቡር የለም። የመጨረሻው ባቡር የተቋረጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ነበር። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሐኪም ቤት ለመድረስ አብዛኛው ነዋሪ የሚተማመነው በገዛ መኪናው ነው። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ወደ ከተማዋ የሚገባ ሰው መኪና የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የኑሮ ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ኮለምበስ ይህን መልክ የያዘችው በአንድ ጀምበር አይደለም። ታሪኳ አውቶሞቢልና የጅምላ ምርት የአሜሪካን ኅብረተሰብ እንዴት እንደለወጡ፣ ማንን እንደጠቀሙና ዋጋውን ማን እንደከፈለ በአንድ ስፍራ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረስ ሠረገላ ወደ ሞተር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ኮለምበስ “የዓለም የሠረገላ መዲና” የሚል ቅጽል ስም ነበራት። በፈረስ የሚጎተቱ ቀላል ሠረገላዎችን የሚሠሩ ሁለት ደርዘን ያህል ፋብሪካዎች ነበሯት። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩው በ1875 የተመሠረተው የኮለምበስ በጊ ኩባንያ ነው። በኋላ በአክረን ከተማ በስሙ የሚጠራውን የጎማ ኩባንያ ያቋቋመው ሃርቪ ፋየርስቶን ቀደም ሲል የዚህ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የኮለምበስ ተወላጅ የሆነውና በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተዋጊ አብራሪነቱ ዝናን ያተረፈው ኤዲ ሪከንባከርም በወጣትነቱ ለኩባንያው መኪና ይሸጥ፣ በመኪና ውድድርም ይሳተፍ ነበር።

ኩባንያው የዘመኑን ለውጥ ሳያይ የቀረ አልነበረም። ከሠረገላው ጎን ለጎን አውቶሞቢል መሥራት ጀምሮ ነበር። ሆኖም መኪና መሥራት መቻል ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ወሳኙ ነገር የአሠራሩ ስልት ነበር።

ሄንሪ ፎርድ “ሞዴል ቲ” የተባለውን መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1908 ነው። ጊዜው ዳግማዊ አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰውን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከተመለከቱበት ወቅት ጋር ይቀራረባል። ፎርድ በ1913 በሚሺጋን ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ሠራተኛው ወደ ሥራው መሄዱ ቀርቶ ሥራው ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። የመኪናውን ሻንሲ ለመገጣጠም ይወስድ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። መጀመሪያ 850 ዶላር የነበረው የመኪናው ዋጋም በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ሆነ። የኮለምበስ በጊ ኩባንያ የከሰረው ይኸው መስመር ሥራ በጀመረበት በ1913 ነው።

የሥራና የኑሮ ለውጥ

የጅምላ ምርት የሠራተኛውን ሕይወትም ቀየረ። የሠረገላ ባለሙያ እንጨቱን፣ ብረቱንና ቆዳውን ለይቶ የሚያውቅ የእጅ ጥበብ ሰው ነበር። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የቆመ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ ሊውል ይችላል። ሥራው አሰልቺ በመሆኑ ብዙዎች እየተዉት ይሄዱ ነበር። ፎርድ በ1914 የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ከፍ ያደረገውና የሥራውን ቀን ወደ 8 ሰዓት ያሳጠረው በዋነኛነት ይህን ፍልሰት ለማስቆም ነው። ክፍያውን ለማግኘት ግን ሠራተኛው በግል አኗኗሩ ጭምር ይመዘን ነበር፤ የኩባንያው ተቆጣጣሪዎች ቤቱ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር።

መኪና የሚሠራው ሰው መኪና ገዢ መሆን ጀመረ። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የብድር ድርጅት ካቋቋመ በኋላ ደግሞ በየወሩ እየከፈሉ መግዛት እየተለመደ ሄደ። በኮለምበሱ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻም ሞተርን በእጅ እየዘወሩ የማስነሳትን አድካሚና አደገኛ ሥራ አስቀረ። ይህም መኪና መንዳት ለሴቶችና ጉልበት ለሌላቸው ሁሉ እንዲቀል አደረገ። በ1900 በመላው አሜሪካ 8 ሺህ ገደማ የነበረው የተመዘገበ መኪና ቁጥር በ1929 ከ23 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

ከተማዋ ስትሰፋ

መኪና ርቀትን አሳጠረ፤ ያጠረው ርቀት ደግሞ ከተማዋን አሰፋት። በ1928 ዶን ካስቶ የተባለው ባለሀብት በኮለምበስ አቅራቢያ በግራንድቪው ሃይትስ የመኪና ማቆሚያ ያለው የገበያ ስፍራ ከፈተ። በ1949 ደግሞ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በዋይትሆል “ታውን ኤንድ ካንትሪ” የተባለውን ሰፊ የገበያ ማዕከል ሠራ። ሸማቹ መሐል ከተማ መግባት ሳያስፈልገው መኪናውን አቁሞ ዕቃውን ገዝቶ ይመለስ ጀመር። በመሐሉ፣ በ1948፣ የከተማዋ የመንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር አገልግሎቱን አቁሞ ነበር።

ከንቲባ ጃክ ሰንሰንብሬነር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን የውኃ አገልግሎት የሚፈልግ አካባቢ ከከተማዋ ጋር እንዲቀላቀል የሚያስገድድ መመሪያ ተከተሉ። በ1950 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የኮለምበስ ስፋት ዛሬ ከ560 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአመጋገብ ልማድም ከመኪናው ጋር ተለወጠ። በ1969 በኮለምበስ የተመሠረተው የዌንዲስ ምግብ ቤት በቀጣዩ ዓመት ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ ምግቡን የሚቀበልበት መስኮት ከፍቷል።

መንገዱ ያለፈባቸው ሰፈሮች

በ1956 የወጣው የፌዴራል ሕግ በመላ አገሪቱ ከ65 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ፈጣን መንገድ እንዲሠራ ወሰነ። ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍን ስለነበር ከተሞች መንገዱን ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። በኮለምበስ ከመንገዶቹ አንዱ፣ ቁጥር 71፣ የጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የሙዚቃ ማዕከል የነበረውንና ብሮንዝቪል ተብሎ ይጠራ የነበረውን ምሥራቃዊ ሰፈር ከመሐል ከተማው ቆረጠው። ሌላው፣ ቁጥር 70፣ በሃንፎርድ ቪሌጅ መሐል አለፈ። በዚያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመላሽ ጥቁር ወታደሮች የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። አገራቸውን አገልግለው የተመለሱ ሰዎች ይኖሩበት የነበረው መንደር በ1960ዎቹ ለሁለት ተከፈለ፤ በርካታ ቤቶችም ፈረሱ።

የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪዎች በመንገዱ ተጉዘው ወደ አዲሶቹ የከተማ ዳርቻ መንደሮች የመግባት ዕድላቸው ጠባብ ነበር። በፌዴራሉ መንግሥት የተደገፈው የቤት ብድር ለረጅም ጊዜ ጥቁሮችን ያገለለ በመሆኑ መንገዱ ለአንዱ መውጫ፣ ለሌላው አጥር ሆነ።

ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ

የአውቶሞቢል ምርት በ1982 ወደ ኮለምበስ አካባቢ ተመልሷል። የጃፓኑ ሆንዳ ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በሜሪስቪል የአሜሪካ የመጀመሪያውን የመኪና ፋብሪካውን ከፍቶ ለሺዎች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ይሁንና በባቡር የሚደረስበት ስላልሆነ መኪና ለመሥራት የሚሄደውም ሰው አስቀድሞ መኪና ያስፈልገዋል።

ከተማዋ የተቆረጠውን ለማገናኘት ጥረት ጀምራለች። በቁጥር 71 መንገድ ላይ ሰፈሩን ከመሐል ከተማ የሚያገናኘው የሎንግ ስትሪት ድልድይ በ2014 የጥቁር ነዋሪዎችን ታሪክ የሚዘክር የሥዕል ግድግዳ ተደርጎለታል። በኅዳር 2024 ደግሞ መራጮች የሽያጭ ታክስ በግማሽ በመቶ ጨምሮ የራሳቸው መስመር ያላቸው ፈጣን አውቶቡሶች እንዲዘረጉ ወስነዋል። መኪና የሌለው ሰው በዚህች ሰፊ ከተማ ሥራው ቦታ በሰዓቱ መድረስ መቻል አለመቻሉ በእነዚህ መስመሮች አፈጻጸም ላይ የተንጠለጠለ ነው።