ታቃፊ ዶሮ፤ በኢትዮጵያ ስለ ቤት ዶሮ እርባታ አጀማመር

ዶሮ በትውልዷ የኢትዮጵያ እንስሳ አይደለችም። የዘርዋ ምንጭ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ግን እንዲህ ያለ የዱር ወላጅ የላትም። ስለዚህ ዛሬ በኢትዮጵያ ቤት በቆጥ ላይ የምታድረው ዶሮ ሁሉ መነሻዋ በሰው እጅ የመጣ ዘር ነው። የመጣችበትም ዘመን እጅግ የራቀ ነው። በትግራይ፤ በጉሎ መኸዳ፤ መዝብር ከተባለው የቅድመ አክሱም መንደር በቍፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ9ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ያለው ዘመን መሆናቸውን፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 የታተመው ጥናት አስረድቷል።

እንግዳዪቱ ቤተኛ ለመሆኗ ቋንቋው ምስክር ነው። በግዕዝ ዶርሆ፤ በትግርኛ ደርሆ፤ በአማርኛ ዶሮ ትባላለች። አማርኛ ጫጩቱን፤ ቄቡን፤ አውራውንና ታቃፊዋን በየስማቸው ይለያል፤ ላባዋንም ገብስማ፤ ቀይ፤ ነጭ እያለ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያንም በጸሎተ ሐሙስ የሚነበብ መጽሐፈ ዶርሆ የተባለ መጽሐፍ አላት፤ በእርሱም ታርዶና ተሠርቶ ለማዕድ የቀረበው ዶሮ ተነሥቶ የይሁዳን ምሥጢር ሲገልጥ ይታያል።

ይሁን እንጂ አንድ ቤተ ሰብ እርባታውን እንዴት ይጀምር እንደ ነበረ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ዕውቀቱ በሴቶች እጅ የቈየ ነውና። አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት ከእናቷ ወይም ከጎረቤቷ አንዲት ቄብ ታገኛለች፤ ገንዘብ ካላት ከገበያ ትገዛለች፤ ከሌላትም የሌላዪቱን ዶሮ ተቀብላ አርብታ ጫጩቱን እኩል ትካፈላለች። ዶሮዪቱ መታቀፍ ስትጀምር፤ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሰባራ ሸክላ ውስጥ ክንፏ ሊሸፍን የሚችለውን ያህል ዕንቍላል ታስታቅፋታለች። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። ቀን ከጭልፊት፤ ሌሊት ከሸለምጥማጥ ለመጠበቅ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። የዶሮ ዋጋ በጾም ወራት ሲወድቅ በዓመት በዓል ስለሚወደድ፤ አስተዋይዋ ሴት የማስታቀፊያውን ጊዜ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቈጥራ ትወስናለች። በሬና እርሻ ባብዛኛው በባል እጅ በሚታዘዙበት ቤት፤ የዶሮና የዕንቍላል ሽያጭ ጨውና በርበሬ የሚገዛበት የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ ነበረ።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1953 እስከ 1956 ባለው ጊዜ በጅማና በአለማያ የተቋቋሙት የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድ፤ አውስትራሎርፕ፤ ኒው ሃምፕሻየርና ነጭ ሌግሆርን የተባሉትን ዘሮች ከውጭ አገር አስመጡ። ያገሬው ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ዕንቍላል ስትጥል፤ ጥሩ መኖና መጠለያ ያገኘች ሌግሆርን ከ200 በላይ ልትጥል ትችላለች። ከዚህም የተነሣ ያገሬዋ ዶሮ መታቀፍ እንደ ጉድለት ተቈጠረ፤ ስትታቀፍና ጫጩት ስትመራ ዕንቍላል መጣል ታቆማለችና።

ሒሳቡ በዕንቍላል ብቻ ሲታይ ትክክል ነው። ነገር ግን ሌግሆርን መታቀፍን እንድትተው ተመርጣ የተራባች ዘር ናት፤ ዕንቍላሏ የሚፈለፈለው በመኪና ወይም በሌላ ታቃፊ ዶሮ ነው። ስለዚህ ሌግሆርን ብቻ ይዛ የጀመረች ሴት፤ ዶሮዋ ባረጀች ጊዜ ተተኪዋን እንደ ገና ከመግዛት በቀር ሌላ መንገድ የላትም። ያገሬዪቱን የያዘች ግን ከአንዲት ዶሮ መንጋ ታወጣለች፤ ለጎረቤቷም ታተርፋለች። እንደ ጉድለት የተቈጠረው ጠባይ ድኻ እርባታ የሚጀምርበት ብቸኛ መሣሪያ ነበረ።

በዚህ ምክንያት የጥንቱ አረባብ እንከን የለሽ ነበረ ማለት አይደለም። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ የሚያህሉት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ፈንግል የገባበት መንደርም በጥቂት ቀን ባዶ ቆጥ ይቀረዋል። ለዚህ የእናቶች ዕውቀት መድኀኒት አልነበረውም። በቢሾፍቱ የሚሠራው፤ ሙቀት የሚችልና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት ግን ያን ጉድለት ይሞላል፤ የመፈልፈሉንም ሥልጣን ከባለቤቲቱ አይነጥቅም።

እንግዲህ ስለ ዶሮ እርባታ የሚመረምር ሰው፤ አንዲት ዶሮ ስንት ዕንቍላል ጣለች ብሎ ከመጠየቁ ጋር፤ ጀማሪዪቱ ነገ ያለ ሰው እርዳታ እንደ ገና ልትጀምር ትችላለች ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሚዛንና መዝገብ ይመልሱታል፤ ሁለተኛውን ግን ሊመልሱ የሚችሉት፤ ስማቸው በመዝገብ ያልገባው፤ ዘርዋን ለዚህ ትውልድ ያደረሱት ሴቶች ናቸው።