ለልጆች የሚጠይቅ ሰው፦ የለንደን የትምህርት ቦርድ ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አብረን ስናነብ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ማዕድ ተረሱ፤ ማጉረምረምም ተነሣ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም በሉ አላሏቸውም። ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። እነዚያ ሰባቱ ማዕዱ ለሁሉም መድረሱን እንዲጠብቁ የተመረጡ ናቸው።

ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክም የአደራ ታሪክ ነው። አደራው ግን ማዕድ ሳይሆን የልጆች ትምህርት ነው። አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ለንደን ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጊዜው 1870 ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ገና ሁለት ዓመቱ። እንግሊዝ ያን ጊዜ ኃያልና ሀብታም ብትሆንም ት/ቤት የማይደርሰው የድሃ ልጅ ብዙ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ አዋጅ ወጣ፦ ት/ቤት በማይበቃበት አካባቢ ሕዝብ የሚመርጠው የትምህርት ቦርድ ይቋቋም የሚል። ቦርዱ ከአካባቢው ግብር ገንዘብ አግኝቶ ት/ቤት ይሠራል፣ መምህር ይቀጥራል፣ ልጆችም ከት/ቤት እንዳይቀሩ ደንብ ያወጣል።

በምርጫው ሁለት ነገር ያስደንቃል። አንደኛ፣ ግብር የምትከፍል ሴት መምረጥ ትችል ነበር፤ ሴት መመረጥም ትችል ነበር። ለፓርላማ ግን የእንግሊዝ ሴቶች መምረጥ የጀመሩት በ1918 ነው፣ ያውም ሁሉም አይደሉም። ሁለተኛ፣ አንድ መራጭ በአካባቢው ባሉት ወንበሮች ቁጥር ልክ ድምፅ ነበረው። ከፈለገ ሁሉንም ለአንድ ሰው መስጠት ይችላል። በዚህ የተነሣ በቁጥር ያነሱ ሰዎች፣ ለምሳሌ ካቶሊኮች፣ ድምፃቸውን አሰባስበው የራሳቸውን ሰው ማስገባት ቻሉ።

በመጀመሪያው የለንደን ምርጫ ኤልዛቤት ጋሬት የምትባል ሐኪም ተወዳደረች። የሕክምና ት/ቤቶች ሴት ናት ብለው በር ዘግተውባት በብዙ ትግል ሐኪም የሆነች ናት። እንድትወዳደር የለመኗት የምታክማቸው ድሆች ቤተሰቦች ናቸው። 47,858 ድምፅ አገኘች፤ በመላው ለንደን እንደ እሷ ያገኘ አልነበረም። ኤሚሊ ዴቪስ የምትባል ሌላ ሴትም ተመረጠች። ከ49ኙ አባላት መካከል ቤንጃሚን ሉክራፍት የሚባል የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢም ነበር። እስቲ አስቡት፣ አናጢ ከሊቃውንትና ከሀብታሞች ጋር እኩል ተቀምጦ ስለ ልጆች ሲወስን!

ቦርዱ የሠራው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ት/ቤት በየሳምንቱ ክፍያ ነበረው። ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ይቀጣል፤ ድሃ ደግሞ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ሴቶች ልጆች ታናናሾቻቸውን እንዲጠብቁ ከቤት ይቀሩ ነበር። ት/ቤት የመጡትም ወንዶቹ ሒሳብ ሲማሩ እነሱ ረጅም ሰዓት ስፌት ይሰፉ ነበር። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን ሕፃን አዝለናል።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ የሄለን ቴይለር ታሪክ ነው። በ1876 ተመረጠች። ለተቸገሩ ልጆች በገዛ ገንዘቧ ምሳና ጫማ ታቀርብ ነበር፤ ትምህርትም በነጻ እንዲሆን ትከራከር ነበር። በኋላ፣ ጥፋት አለባቸው ወይም ከት/ቤት ይጠፋሉ የተባሉ ልጆች ስለሚላኩበት አንድ አዳሪ ት/ቤት ሰማች። ልጆቹ ይራባሉ፣ ይበደላሉ ተባለ። እሷም ዝም አላለችም፤ ጉዳዩ እንዲመረመር አደረገች። ት/ቤቱ ተዘጋ። እሷ ግን የዚያው ቦርድ አባል በሆነ ሰው በስም ማጥፋት ተከሰሰች፤ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅም 1,000 ፓውንድ ከፈለች። አያችሁ፣ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል። እሷ ባትጠይቅ ግን እነዚያን ልጆች ማን ይጠይቅላቸው ነበር?

በ1891 በወጣ ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለአብዛኛው ልጅ ነጻ ሆነ። ከዚያ በ1902 ሌላ ሕግ መጣና ቦርዶቹ እንዲቀሩ ተወሰነ፤ የለንደኑም በ1904 ፈረሰ። ሥራው ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች ሲዛወር እዚያ ሴት መመረጥ አትችልም ነበር። እስከ 1907 ድረስ ሴቶች ወደ ትምህርት ኮሚቴ የሚገቡት በሹመት ብቻ ሆነ። ሹመትና ምርጫ ይለያያሉ። ተሿሚ የሾመውን ያያል፤ ተመራጭ ግን ተመልሶ የመረጡት ወላጆች ፊት ይቆማል።

እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ እንግሊዝ ለማውራት ብቻ አይደለም። በአገራችንም በየት/ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፤ ወተመህ የምንለው። ወላጆች ይመርጡታል፣ የት/ቤቱን ሥራና ገንዘብ ይከታተላል። እናቴ ግን ስብሰባ ስትጠራ ሄዳ ፈርማ ትመለስ ነበር። «በምን ጉዳይ ነው የፈረምሽው?» ስንላት «እኔ ምን አውቄ» ትለን ነበር። ሳትሰማ ቀርታ አይደለም፤ መጠየቅ የእሷ ሥራ አልመሰላትም። ዛሬ የታናናሾቻችንንና የልጆቻችንን ደብተርና መዋጮ የምንልከው እኛ ነን። በሚቀጥለው ስትደውሉ «ገንዘቡ ደረሰ?» ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉት። «ኮሚቴው ማነው? መዋጮው ምን ተሠራበት? ስብሰባ ሄዳችሁ ምን ጠየቃችሁ?» በሉ። እኛ ሩቅ ነን፤ አፋችን ግን ሩቅ አይደለም።

ለውይይት፦
1. ሐዋርያት ሰባቱን ራሳቸው ከመሾም ይልቅ ሕዝቡ እንዲመርጥ ያደረጉት ለምን ይመስላችኋል?
2. ሄለን ቴይለር የከፈለችውን ዋጋ አይታችሁ እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3. ቤተሰቦቻችሁ በሚማሩበት ት/ቤት ለልጆቹ የሚጠይቀው ማነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።